ክሊከር ለግቢ ውሻ፦ ከየት ይጀመራል? ጥበቃውንስ አያበላሽም?

ሰፊው_ግቢ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰባት ወር የሞላው ወንድ ውሻ ነው፤ እናቱ የሐበሻ፣ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ሦስት ነገር አስቸግሯል፦ እንግዳ ላይ ይዘላል፤ መኪና ክላክስ አድርጎ በሩ ሲከፈት ተፈትልኮ አስፋልት ላይ ይወጣል፤ «ና» ሲሉት ዞር ብሎ ያይና መንገዱን ይቀጥላል። ክሊከሩ በእጄ ነው፣ ቪዲዮዎቹ ግን ሁሉም ምንጣፍ ላይ ስለሚያድር ውሻ ነው የሚያወሩት። ለግቢ ውሻ ከየት ይጀመራል? ከሰው እጅ መብላት ከለመደስ ጥበቃው አይበላሽም?

ጠቅ_ጉርሻ ጻፈ፦

ከመሣሪያው እንነሳ። ክሊከር ውስጡ ቀጭን የብረት ላሜራ ያለው ትንሽ ፕላስቲክ ነው፤ ሲጫኑት ላሜራው ይታጠፍና ጠቅ ይላል። ድምፁ ለውሻው የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሁን በዚህች ቅጽበት ያደረግኸው ነገር ጉርሻ አስገኝቶልሃል። ለመጥሪያ አይሆንም፣ ለማስቆሚያም አይሆንም። ውሻው ዞሮ እንዲያይህ ብለህ ጠቅ ካደረግህ የሸለምከው ወደ ሌላ ቦታ ማየቱን ነው።

መጀመሪያ ድምፁንና ጉርሻውን ማጣመር አለብህ። ራት ከመብላቱ በፊት ይሁን፤ ከሰንሰለት እንደተፈታ ወዲያው ግን አይሁን፣ ግቢውን ዞሮ፣ ሸንቶ፣ ትንፋሹ ሲረጋ ጀምር። የአተር ፍሬ የሚያህል ለስላሳ ሥጋ 20 ፍሬ ቁጠር። ጠቅ፣ ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ጉርሻ። ብዙ ሰው የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው፤ እጁ ከጠቅታው ቀድሞ ወደ ኪሱ ይገባል። ያኔ ውሻው የሚማረው እጅ መከታተል ነው፣ ድምፁ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጠቅ እስኪል ድረስ እጅህ ጎንህ ላይ ይቆይ። በጠቅታዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ አዛንቅ፦ አንዴ 3 ሰከንድ፣ አንዴ 10፣ አንዴ 5። አንተም ቦታህን ቀይር።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሌላ ነገር እያሸተተ ሳለ ጠቅ አድርግ። አንገቱን ቀልብሶ ጉርሻ ፍለጋ ወደ አንተ ከመጣ ገብቶታል። ካልመጣ ሌላ 20 ፍሬ ጨምር።

ከዚያ በኋላ የማይሻር ደንብ አለ፦ ጠቅ ካልክ ትከፍላለህ፣ ተሳስተህ ጠቅ ብትልም። በጣም ጥሩ ሲሠራ ደስ ብሎህ ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አታድርግ። ጠቅታው ምንጊዜም አንድ ነው፤ ጉርሻውን ግን ሦስትም አራትም አድርገህ ልትሰጥ ትችላለህ።

የራስህን እጅ ደግሞ ውሻው በሌለበት አሠልጥን። አንድ ሰው ኳስ ያንጥር፣ ኳሱ መሬት በነካ ቁጥር ጠቅ አድርግ። ግማሽ ሰከንድ ከዘገየህ ውሻው ተቀምጦ ሲነሳ ጠቅ ትላለህ፤ ያስተማርከውም መነሳትን ይሆናል።

የከብት_ሐኪም ጻፈች፦

ስለ ጉርሻው ልጨምር፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ የቤተሰብ ጤናም ነው። ጉበትና ሳንባ ርካሽ ነው፣ ሽታው ውሻን ይስባል፣ ለሥልጠና ግሩም ነው። ጥሬውን ግን በፍጹም አትስጡ። በበግ፣ በፍየልና በከብት ጉበት ወይም ሳንባ ላይ የምታዩት ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት የውሻ ትል እጭ የያዘ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ እንቁላሉ በእጅ ወይም ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ሆድ ሲገባ ያንኑ ከረጢት የሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያበቅላል። ከረጢት ያለበትን ክፍል አቃጥሉ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩ። ንጹሕ የሚመስለውንም ቆራርጡና ውሃው ከፈላ በኋላ በትንሹ 30 ደቂቃ ቀቅሉት፣ ያለ ጨው።

ከድስት የተረፈ ወጥ ጉርሻ አይሆንም። በርበሬው ሆዱን ይረብሸዋል፤ የባሰው ግን ቀይ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ነው፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። መብሰላቸው ይህን አያስቀርም። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም እንዲሁ ክልክል ናቸው።

የጉርሻው ድምር ከቀን ምግቡ 10 በመቶ እንዳይበልጥ፤ ሥልጠና በበዛበት ቀን ራቱን ቀንሱለት። ጉበት ሲበዛ ያስቀምጠዋል። እንጀራ ብዙ ውሻ ይወዳል፣ ግን እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ለማኘክም ጊዜ ይወስዳል፤ ጥሩ ጉርሻ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። በሁዳዴ ሉካንዳ ሲዘጋ የሚቸገር ሰው አስቀድሞ ቀቅሎ በትንንሽ ፌስታል እየቋጠረ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጥ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ያለ ቅመም የተቀቀለ ሽምብራ፣ ስኳር ድንችም ይሆናሉ። ለበሩ ልምምድ ግን በሽምብራ አትሞክሩ፤ ከአስፋልቱ ጋር አይወዳደርም።

ነገር_ፈታኝ ጻፈ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው። ሥጋው ሲያልቅ ታዛዥነቱም ያልቃል። አባቶቻችን ውሻ ያሳደጉት በዱላና በፍርፋሪ ነው፣ ሌባም አላስገቡም። ደግሞ ከሰው እጅ መጉረስ ያስለመዳችሁት ውሻ፣ ሌባ መርዝ ያለበት ሥጋ በአጥር ሲወረውርለት ምን ሊያደርግ ነው?

ከሲልቨር_ስፕሪንግ ጻፈ፦

ጋሽ ነገር ፈታኝ፣ ጨዋታው እንኳ ቆየት ያለ ነው። ስኪነር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እንስሳን በድምፅ ምልክትና በምግብ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ለተራው አንባቢ የጻፈው በ1951 ነው፤ ተማሪዎቹ የነበሩት ብሬላንድ ባልና ሚስት ከዚያም በፊት በዚሁ መንገድ ዶሮና ውሻ እያሠለጠኑ ይተዳደሩ ነበር። ከአፍሪካ ካልሆነ አላምንም ካሉ ደግሞ ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ውስጥ አፖፖ የተባለው ድርጅት ግዙፍ አይጦችን የተቀበረ ፈንጂና የሳንባ ነቀርሳ ያለበት አክታ በማሽተት እንዲለዩ የሚያሠለጥነው በጠቅታና በሙዝ ነው። አዲስ አበባም ላቦራቶሪ ከፍቷል። አይጥን በዱላ ፈንጂ ማስፈለግ አይቻልም መቼም።

ጠቅ_ጉርሻ ጻፈ፦

የነገር ፈታኝ ጥያቄዎች ቀልድ አይደሉም፣ በየተራ ልያቸው።

ሥጋው ሲያልቅ ታዛዥነቱ የሚያልቀው ሥጋው ማባበያ ሲሆን ነው። ማባበያ ማለት ቀድሞ የሚታይ ሥጋ ነው፤ ውሻው መጀመሪያ እጅህን ያያል፣ ካለ ይቀመጣል፣ ከሌለ ይሄዳል። ክፍያ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ከማይታይበት የሚወጣ ነው። ቁጭ ማለትን በሥጋ እየመራህ ብታስጀምር እንኳ ሁለት ሦስቴ ብቻ ይበቃል። ሥጋውን ከአፍንጫው ወደ ላይ ወደ ጭንቅላቱ አናት ስታንቀሳቅስ ቂጡ መሬት ይነካል፣ ጠቅ። በአራተኛው በባዶ እጅ ያንኑ እንቅስቃሴ አድርግ፣ ጠቅ፣ ጉርሻው ከሌላው ኪስ ይምጣ። ሥራውን ሳያዛንፍ ሲያደርግ ብቻ «ቁጭ» የሚለውን ቃል ከእንቅስቃሴው ቀድመህ ጨምር። ቃሉን ከመጀመሪያው ቀን አሥር ጊዜ መደጋገም ውሻውን ቃሉን እንዳልሰማ እንዲያልፍ ያስለምደዋል።

አንድ ነገር በሚገባ ከለመደ በኋላ ለዚያ ነገር ክሊከሩ አያስፈልግም። «ጎሽ» በቂ ነው፤ ጉርሻውም አልፎ አልፎ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ይሰጣል። ክፍያ ደግሞ ሥጋ ብቻ አይደለም። ከሰንሰለት መፈታት፣ ኳስ፣ በአጥሩ ሥር እንዲያሸት መተው፣ ሁሉም ለውሻ ክፍያ ነው።

ዱላን በተመለከተ፣ የተመታ ውሻ የሚማረው የመታው ሰው ባለበት ማድረግ እንደሌለበት ነው። ሲያጉረመርም የሚመታ ውሻ ደግሞ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ንክሻውን ግን አይተውም። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚነክስ የግቢ ውሻ ከዚህ ይወጣል።

የመርዙ ነገር እውነተኛ ስጋት ነው። ያልሠለጠነ ውሻም ግን የተወረወረ ሥጋ ይበላል፤ ከእጅ ባይጎርስ ከመሬት ያነሳል። ማስተማር የሚቻለው ከመሬት አለማንሳትን ነው። በጡጫህ ሥጋ ጨብጠህ አቅርብለት፤ ይልሳል፣ ይጭራል፣ ዝም በል። አፍንጫውን ባራቀባት ቅጽበት ጠቅ አድርግና ጉርሻውን ከሌላኛው እጅህ ስጠው። የከለከልከውን ሥጋ ራሱን መልሰህ ከሰጠኸው «ትንሽ ብጠብቅ የኔ ነው» ብሎ ይማራል። ቀጥሎ የተከፈተ መዳፍ፣ ቀጥሎ ጫማህ ሥር፣ ቀጥሎ በገመድ ይዘኸው ሜዳ ላይ፣ በመጨረሻ ረዳት ከአጥር ውጭ ሲወረውር። ውሻው ሥጋውን ትቶ ወደ አንተ ሲዞር ጠቅና ከመሬቱ የበለጠ ሥጋ። ሰው በሌለበት ሌሊት ግን የትኛውም ሥልጠና መቶ በመቶ ዋስትና አይሰጥም፤ ውሻው ሳይለቀቅ ራቱን በልቶ ይጥገብ፣ ግቢውም በባትሪ ይታይ።

አጥር_ዘለል ጻፈ፦

የበሩ ጉዳይ ከሦስቱ አደገኛው ስለሆነ እዚያ ላይ ልቆይ። ተፈትልኮ መውጣት ለውሻው ራሱን የቻለ ሽልማት ነው፤ ባመለጠ ቁጥር ልምዱ ይጠነክራል። ጠዋት አሠልጥኖ ከሰዓት እንዲያመልጥ መተው ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው። ስለዚህ ሥልጠናው እስኪያልቅ በሩ በተከፈተ ቁጥር ውሻው የታሰረ ይሁን።

ከበሩ 4 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ዛፍ ወይም ምሰሶ ምረጥ። 2 ሜትር ገመድ፣ በአንገቱ ሳይሆን በደረት ማሰሪያ፤ ሲፈናጠር አንገቱ እንዳይጎዳ። ሥሩ ጆንያ አንጥፍ። መጀመሪያ በሩን እርሳው። ጆንያውን ሲረግጥ ጠቅ፣ ጉርሻውን ጆንያው ላይ ጣል። ከዚያ ሲቀመጥበት ብቻ ጠቅ፣ ከዚያ ለ3፣ ለ5፣ ለ2፣ ለ8 ሰከንድ ተቀምጦ ሲቆይ። ሰከንዱ ሁልጊዜ እያደገ ብቻ ከሄደ ውሻው እየከበደበት መሆኑን ያውቃል፣ ተነስቶም ይሄዳል።

አሁን ወደ በሩ። እጅህን ወደ መቀርቀሪያው ዘርጋ፣ አትንካው። ተቀምጦ ከቆየ ጠቅ፣ ተመልሰህ ጉርሻ። ቀጥሎ መቀርቀሪያውን ንካ። ቀጥሎ አንኳኳው፤ የብረት በር ድምፅ ለብዙ ውሻ ከመከፈቱ ይብሳል፣ እዚህ ላይ አትቸኩል። ቀጥሎ በሩ ጣት ያህል፣ ስንዝር፣ ክንድ፣ ከዚያ ሙሉ። ከተነሳ በሩ ይዘጋል፣ ሌላ ምንም የለም። ቁጣም፣ «ኧረ ተው»ም አያስፈልግም። አምስት ሰከንድ ቆይተህ ካለፈው ደረጃ ጀምር።

መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ ይደረጋል ለሚለው በአምስት በአምስት ቁጠር። አምስቱንም ካደረገ ወደሚቀጥለው እለፍ። ሦስት ወይም አራት ከሆነ እዚያው ደግም። ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደረጃው ከብዶታል፣ ወደ ኋላ ተመለስ። አንድ ክፍለ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ግማሽ ሰዓት የሚያሠለጥን ሰው ከአሥረኛው ደቂቃ በኋላ የደከመ ውሻ ስህተት ነው የሚያሠለጥነው።

ክላክሱን ለብቻው አድርገው፣ በሩ ሳይከፈት። በስልክ ቅዳውና በዝቅተኛ ድምፅ አጫውት፣ ጆንያው ላይ ከቆየ ጠቅ። ድምፁን ቀስ በቀስ ጨምር፣ ከዚያ እውነተኛ መኪና ከውጭ ይምጣ። ክላክስና የሚከፈት በር የሚገናኙት ሁለቱም ለየብቻ ከሠሩ በኋላ ነው፤ በተገናኙበት ቀን ደግሞ በሩ ከስንዝር አይለፍ። ውሻው «ጆንያ» ሲባል ሄዶ መቀመጥ ከለመደ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርግ፦ ክላክስ፣ አንድ ሰከንድ፣ «ጆንያ»፣ ሲሄድ ጠቅ። አዲሱ ምልክት ከአሮጌው መቅደም አለበት። ሲደጋገም ቃሉን ሳይጠብቅ በክላክሱ ብቻ ወደ ጆንያው ይሮጣል።

ዘበኛ ካለ ሥልጠናውን ከእርሱ ጋር አድርጉት፣ እንዲያውም ክሊከሩን እርሱ ይያዝ። በሩን በቀን ሃያ ጊዜ የሚከፍተው እርሱ ነው።

ሰፊው_ግቢ ጻፈ፦

ተባረኩ። አንድ ችግር አለ፤ ጠቅ ሲል ጆሮውን ጥሎ ወደ ማደሪያው ይሸሻል። ሥጋውንም ይተዋል።

ጠቅ_ጉርሻ ጻፈ፦

ድምፁ ሹል ስለሆነ አንዳንድ ውሻ ይደነግጣል። በዚያው ድምፅ አትቀጥል፣ ጠቅታው የፍርሃት ምልክት ሆኖ ይቀራል። ጫፉን ከላይ ሲጫኑት ጠቅ በሚል እስክሪብቶ ሞክር፣ ያ ለስለስ ይላል። መሃሉ ብቅ የሚል የማርማላታ ጠርሙስ ክዳንም ይሠራል፤ ክሊከር ለሌለው ሰውም መፍትሔ ነው። ክሊከሩን ራሱን ካልክ በካልሲ ጠቅልለህ ኪስህ ውስጥ ተጫነው፣ ከውሻው አምስት ሜትር ራቅ ብለህ ጀምር። ወደ ጆሮው ወይም ወደ ፊቱ አቅጣጫ በፍጹም አትያዘው። ይህም ካልሆነ አጭር ቃል ተጠቀም፣ ለምሳሌ «ጎሽ»፣ ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ። ቃል ከክሊከር የሚያንሰው በስሜታችን ስለሚለዋወጥና በቀኑ ውስጥ ለሌላ ነገርም ስለምንለው ነው። መስማት ለማይችል ውሻ ደግሞ አውራ ጣት ማሳየት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ ጻፈ፦

የመዝለሉን አጭር ላድርገው። የሚዘለው ወደ ፊት ለመቅረብና እንዲነኩት ነው፤ መግፋትና መጮህ ለርሱ ጨዋታ ነው። እንግዳው ፊቱን አዙሮ እጁን ያጣጥፍ። አራቱም እግሮች መሬት ላይ ባረፉባት ቅጽበት ጠቅ፣ ጉርሻው ከፍ ብሎ ሳይሆን መሬት ላይ ይቀመጥ። ከአፉ ከፍ አድርገህ ከሰጠኸው እንደገና ያዘልለዋል። መጀመሪያ ላይ መዝለሉ ብሶ ይታያል፤ ሲሠራለት የነበረው ነገር ሲከሽፍበት አጥብቆ ይሞክራል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ተሸንፎ «በቃ ና» ብሎ የሚደባብሰው ሰው ደግሞ አጥብቆ መዝለል እንደሚያዋጣ አስተማረው ማለት ነው።

ቤተሰቡ በቃላት ይስማማ። አንዱ «ቁጭ»፣ አንዱ «ተቀመጥ»፣ ልጆቹ «ሲት» ካሉ ውሻው ሦስት ትእዛዝ ነው የሚማረው። «ቁጭ»ና «ቁም» ደግሞ በጆሮ ስለሚቀራረቡ ለአንዱ ሌላ ቃል ወይም የእጅ ምልክት ምረጡ።

አጥር_ዘለል ጻፈ፦

«ና» የሚለው ቃል ያልሠራው ለምን እንደሆነ መገመት ይቻላል፦ ጠዋት ጠዋት «ና» ሲባል የሚከተለው ሰንሰለት ነው። ቃሉን ጣለውና በፉጨት ጀምር። ግቢ ውስጥ ከ2 ሜትር ላይ አንዴ አፏጭ። ጭንቅላቱን ወደ አንተ ባዞረባት ቅጽበት ጠቅ፣ እስኪደርስ አትጠብቅ፤ ውሳኔው የተወሰነው ያኔ ነውና። ወደ ኋላ እየሮጥክ ሳበው፣ ጉርሻው እግርህ ሥር ይሁን፣ በአንድ እጅህ የአንገት ቀበቶውን ያዝ፣ በሌላው አጉርሰው፣ ልቀቀው። ቀበቶውን ሳትይዝ የምታስተምር ከሆነ ሥጋውን ነጥቆ የሚሮጥ ውሻ ይወጣልሃል። ከዚያ 5 ሜትር፣ ከዚያ በ10 ሜትር ገመድ ከግቢ ውጭ። ርቀቱን ስትጨምር ጫጫታው ይቀንስ፣ ጫጫታ ስትጨምር ርቀቱ ይጠር። ከአሥር ጥሪ ዘጠኙ በመለቀቅ ያብቃ። ልታስረው ስትፈልግ አትጥራው፤ ራስህ ሂድና እያጎረስክ እሰረው።

ነገር_ፈታኝ ጻፈ፦

እሺ፣ ዱላውን አስቀመጥኩ እንበል። ሌሊቱን ሙሉ ለድመት የሚጮኸውንስ? እንዳይጮህ ካስተማርኩት ለምን አሳድገዋለሁ?

ጠቅ_ጉርሻ ጻፈ፦

ጩኸቱን አታጠፋውም፣ ማቆሚያ ነው የምትሰጠው። ሦስት አራቴ ይጩህ፣ ሄደህ ምን እንዳየ ተመልከት፣ «በቃ» በል። ትንፋሽ ለመሳብ ባቆመባት ቅጽበት ጠቅና ጉርሻ። በመጀመሪያ ዝምታው አንድ ሰከንድ ይሆናል፣ ከዚያ 3፣ 2፣ 5፣ 10። አንድ ወጥመድ አለ፦ ብልህ ውሻ ጮሆ፣ አቁሞ፣ ጉርሻ መጠየቅ ይጀምራል። እንደዚያ ሲሆን ከጩኸት በኋላ የሚጠበቀውን ዝምታ ወደ 20 ሰከንድ አርዝመው፤ ድመት አይቶ ሳይጮህ ያለፈበትን ጊዜ ደግሞ ከሁሉ በላይ ክፈለው። አጥር ላይ ሰው ሲወጣ መጮሁን ይህ ልምምድ አያስተወውም፤ ያን ብዙ ውሻ ያለማንም አስተማሪ ይሠራዋል።

ሰፊው_ግቢ ጻፈ፦

በእስክሪብቶው አይሸሽም፣ ሥጋውንም ይቀበላል። በዚሁ ልቀጥል። እናቱም ግቢ ውስጥ አለች፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማሠልጠን ይቻላል?

የከብት_ሐኪም ጻፈች፦

መጀመሪያ ለየብቻ። አንዱ ሲማር ሌላው ከቤቱ ጀርባ ታስሮ የሚላስ አጥንት ይሰጠው። የማን ጠቅታ እንደሆነ ካልለዩ ሥጋው ላይ ይጣላሉ፣ ወንዱም እያደገ ስለሆነ ጠቡ ይከርራል። የአጥንቱን ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፤ ትልቅ የከብት ጉልበት ይሁን። የእብድ ውሻ ክትባቱን ካልወሰደ ገመድ ይዛችሁ ከግቢ ሳትወጡ አስከትቡት።